የፊት ማጠቢያ ብሩሽ፦ ስትገዙ፣ ስትጠቀሙ፣ ስትተዉት

አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ ሻንጣዋ ውስጥ አንዲት ነጭ ሳጥን ነበረች። ለእኔ ናት። የፊት ማጠቢያ ብሩሽ። የጓደኛዬ ሠርግ ሊደርስ ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ ደግሞ ከሚዜዎቹ አንዷ ነኝ። መመሪያውን ማን ያነባል? ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ፣ ፍጥነቱን መጨረሻው ላይ አድርጌ፣ ድስት እንደሚፈገፍግ ሰው ፊቴን ፈተግኩት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ፊቴ አበራ። «ይሄ ነገርማ ይሠራል!» ብዬ ጭራሽ እጄን ጠበቅ አደረግኩ። በአራተኛው ቀን ቅባት ስቀባ ለበለበኝ። በአምስተኛው ቀን ፈገግ ስል ጉንጬ ይወጠር ጀመር። በሠርጉ ዕለት ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ስፖንጇን ጉንጬ ላይ አሳረፈችና «ምን ነክቶሽ ነው?» አለችኝ። ፋውንዴሽኑ አልይዝ ብሎ እንደ አሮጌ ግድግዳ ቀለም ይቀረፍ ነበር።

ቃጠሎው በአሥር ቀን ተወኝ። ጉንጮቼ ላይ የቀረው ጥቁር ጥላ ግን እስኪጠፋ አምስት ወር ገደማ ፈጀ።

ብሩሹ ምንም አላጠፋም። ያጠፋው እጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ብሩሽ ተጠቅሜ ፊቴ ተጎድቶ አያውቅም። ልዩነቱ ምን እንደሆነ ከሱቁ ጀምሬ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፦ ሥራው ምንድን ነው?

የፊት ብሩሽ መታጠቢያ ነው። በቃ። እጃችን የሚሠራውን ትንሽ ለቅም አድርጎ ይሠራል። ፀጉሮቹ ወይም የሲሊኮን ጥርሶቹ ሲንቀጠቀጡ ፌስ ዋሹ አረፋ ይሆናል። አረፋው ጣት በደንብ የማይደርስባቸው ቦታዎች ይገባል፦ የአፍንጫ ክንፍ ሥር፣ የአገጭ ስርጉድ፣ የፀጉር መነሻ። ወዙን፣ አቧራውን፣ ሰንስክሪኑን (የፀሐይ መከላከያ ቅባቱን)፣ የሜካፑን ትራፊ ያነሳል። በዚያው ደግሞ ከላይ ያለውን የሞተ ቆዳ ትንሽ ያራግፋል።

ጣጣው ያለው «በዚያው» የምትለዋ ላይ ነው። ከላይ ያለው የቆዳ ሽፋን የሞቱ ሕዋሳት ቢሆንም ቆሻሻ አይደለም። አጥር ነው። እርጥበት ከውስጥ እንዳይወጣ፣ ጀርም ከውጭ እንዳይገባ ይጠብቃል። ውፍረቱ ደግሞ ከአንድ ወረቀት ያንሳል። ቆዳ ይህን ሽፋን ራሱ እየተካ ራሱ ይጥለዋል፤ አዲሱ ሕዋስ ከሥር ተነስቶ፣ ላይ ደርሶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይወስዳል። እኔ በሳምንት 14 ጊዜ ስፈትገው አጥሩ የሚታጠርበት ጊዜ የት አግኝቶ?

ለእኛ ጠይምና ጥቁር ለሆንነው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ቆዳችን ሲቆስል፣ ሲቃጠል ወይም ሲታሽ ቀለም የሚያመርቱት ሕዋሳት ይነቃሉ፤ ሜላኒን አብዝተው ያመርታሉ። ብጉር በሳምንት ድኖ ጠባሳው ለወራት የሚከርመው ለዚህ ነው። የፈረንጅ ፊት ሲፈተግ ቀልቶ ይመለሳል። የእኛ ቀልቶ፣ ጠቁሮ፣ ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ብዙ የብሩሽ ማስታወቂያ ይህን አይነግራችሁም፤ የተሠራው እኛን አስቦ አይደለምና።

ብሩሹ የማይሠራውንም ልናገር። ብጉር አያድንም። ጠባሳ አያጠፋም። የቆዳ ቀዳዳም እንደ በር አይከፈትም፣ አይዘጋም፤ ውስጡ ያለው ወዝ ሲጸዳ ጠበብ ብሎ ይታያል እንጂ መጠኑ ያው ነው። ማድያት ካለባችሁማ መታሸት ሊያብሰው ይችላል።

ያስፈልጋችኋል?

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። ቲክቶክ ላይ አይታችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ትንሽ ቁጭ በሉ። ንጹሕ እጅና ጥሩ ፌስ ዋሽ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ይህን የምላችሁ ራሴ ብሩሽ ያለኝ ሰው ነኝ።

የሚጠቅመው ማንን ነው? ፊቱ ወዛም የሆነ ሰው፣ በየቀኑ ወፍራም ሜካፕ ወይም ሰንስክሪን የሚቀባ፣ አቧራ ላይ የሚውል፣ አፍንጫው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚበዛበት። እነዚህ ለውጡን ያዩታል።

ለጊዜው መተው ያለበትስ? ፊቱ ላይ መግል የያዘ ወይም ቀልቶ ያበጠ ብጉር ያለበት። ችፌ ያለበት። ከንፈሩ አካባቢ ምች የወጣበት፤ ምች ቫይረስ ነው፣ ብሩሹ ወደ ሌላው የፊት ክፍል ሊያዛምተው ይችላል። ጭርትም፣ ፊት ላይ የምትወጣ ጠፍጣፋ ኪንታሮትም እንዲሁ በመታሸት ይዛመታሉ። ትሬቲኖይን፣ አዳፓሊን ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባሉትን የብጉር መድኃኒቶች መቀባት የጀመረ ሰው ቆዳው ስለሚደርቅና ቶሎ ስለሚቆጣ ይተወው። ለብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን ክኒን የሚወስድ ከሆነማ የቆዳ ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

አንድ ነገር ደግሞ በቀጥታ ልበል። ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትጠቀሙ ካላችሁ ብሩሹን አትግዙ። ከእነዚህ ክሬሞች ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሩን ያወጣል። በዚያ ላይ ብሩሽ ማለት የተላጠ ቁስል ላይ ጨው ነው። በአንድ ጊዜ ማቆምም የራሱ መዘዝ ስላለው፣ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ብሩሹ የትም አይሄድም።

ምን ዓይነት?

ገበያው ላይ የምታገኙት ወደ አራት ዓይነት ነው።

አንደኛው በአንድ አቅጣጫ የሚሽከረከረው ነው። ርካሹ እሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በድንጋይ ባትሪ ይሠራል። ስታበሩት እንደ ቁፋሮ መሣሪያ ነዝ ይላል። ቆዳን እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ ፀጉሩም ብዙ ጊዜ ሸካራ ነው። እኔ አልመክረውም።

ሁለተኛው ወዲያ ወዲህ በፍጥነት የሚወዛወዘው ነው። «ሶኒክ» የሚሉት። ይህን ወደ ዓለም ያወጣው ክላሪሶኒክ የሚባለው የአሜሪካ ብራንድ ነው። ሶኒኬር የተባለውን የኤሌክትሪክ ጥርስ ብሩሽ ከሠሩት ሰዎች አንዳንዶቹ ናቸው የመሠረቱት፤ ሐሳቡም ከዚያው የመጣ ነው። በ2004 ለገበያ ወጣ፣ በ2011 ሎሪያል ገዛው፣ በመስከረም 2020 መጨረሻ ላይ ተዘጋ፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩን ያመጣሁት ለወሬ አይደለም። ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ክላሪሶኒክ ከዘመድ የደረሳችሁ ካለ፣ መለዋወጫ ጭንቅላቱን (ፀጉር ያለበትን ተነቃይ ክፍል) የሚሠራው ኩባንያ የለም። ከሌላ ቦታ የሚመጣው ደግሞ ከማን እንደሆነ አይታወቅም። ማንኛውንም ባለፀጉር ብሩሽ ከመግዛታችሁ በፊት «ጭንቅላቱ ለብቻው ይገኛል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጭንቅላቱ በየሦስት ወሩ ስለሚቀየር፣ ካልተገኘ የገዛችሁት የሦስት ወር ዕቃ ነው።

ሦስተኛው ሲሊኮን ነው። ፀጉር የለውም፤ ጎማ የሚመስሉ ለስላሳ ጥርሶች አሉት፣ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይሽከረከርም። ይህን ያስፋፋው ፎሪዮ የተባለው የስዊድን ኩባንያ ነው፤ አሁን በየዓይነቱ ተመሳሳይ ሞልቷል። ሲሊኮን ውኃ አይመጥም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ጭንቅላት አይቀየርለትም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መለዋወጫም በሰው ሻንጣ በሚመጣበት ከተማ ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ አሁን የምጠቀመው ይህንን ነው። ጉዳቱ? ፊቱ በጣም ወዛም ለሆነና ወፍራም ሜካፕ ለሚቀባ ሰው የፀጉሩን ያህል አያጸዳም። ቢሆንም ከተሳሳታችሁ የሚያስከፍላችሁ ዋጋ ያነሰ ነው።

አራተኛው ሞተር የሌለው የእጅ ብሩሽ ነው። ጣት ላይ የሚጠለቅ ሲሊኮን ወይም እጀታ ያለው ለስላሳ ፀጉር። መሞከር ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ በዚህ ጀምሩ። ካልተስማማችሁ ብዙ ብር አላባከናችሁም።

ሱቅ ውስጥ

መርካቶ ግቡ፣ ቦሌ ግቡ፣ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ ይላክላችሁ፤ የምታዩት ነገር አንድ ነው።

በመጀመሪያ ንኩት። ሻጩ ናሙና ካለው በእጃችሁ ጀርባ ሳይሆን በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ ደረቁን አሹት፤ የፊት ቆዳን የሚመስለው እዚያ ያለው ነው። ዐሥር ጊዜ በቀስታ አሽታችሁ ከበላችሁ ወይም መስመር ካወጣ ፊታችሁ ላይ የባሰ ነው። የፀጉሩን ጫፍ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩ። ጥሩው ጫፉ ክብ ነው፣ ሲነካም ሐር ይመስላል። መጥፎው እንደ መጥረጊያ ተቆርጦ የቀረ፣ ጫፉ የሾለ ነው።

ሲሊኮን ከሆነ ጣታችሁን በዳር በዳሩ አስኪዱት። ሲቀረጽ የተጋጠመበት መስመር አለ። በጥሩው ላይ መስመሩ አይሰማም። በርካሹ ላይ እንደ ቢላ ጠርዝ ይሰማል፤ ያ ጠርዝ ነው ጉንጭ የሚቧጭረው። አሽትቱትም። ኃይለኛ የጎማ ወይም የቤንዚን ሽታ ካለው መልሱት።

ፍጥነቱ ከአንድ በላይ መሆን አለበት። አንድ ፍጥነት ብቻ ያለው ብሩሽ ማለት ፍሬን የሌለው መኪና ማለት ነው። ሰዓት ቆጥሮ ራሱ የሚቆም ከሆነ ደግሞ ጥሩ፤ ሰው ሲመቸው ይረሳል።

«ውኃ አይገባውም» የሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ። ሳጥኑ ላይ አይፒኤክስ 7 የሚል ካለ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ተቀምጦ የሚቋቋም ማለት ነው። ቁጥሩ 4 ከሆነ ፍንጥቅጣቂ ነው የሚችለው፤ ባልዲ ውስጥ አትንከሩት።

ቻርጀሩንም እዩ። በተለመደው ዩኤስቢ የሚሞላውን ምረጡ። ለራሱ ብቻ የተሠራ ልዩ ቻርጀር ያለው ከሆነና ቻርጀሩ ከጠፋ፣ ብሩሹ ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

ያገለገለ ብሩሽ ግን በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ። አዲስ ነው የተባለውንም ማሸጊያው የተከፈተ ከሆነ ተዉት።

ፌስ ዋሹ

ብሩሹ ራሱ ስለሚያሽ ፌስ ዋሹ ገር መሆን አለበት። ሽታ ያልበዛበት ጄል ወይም ክሬም ይሁን። ፊታችሁ ደረቅ ከሆነ ክሬሙ፣ ወዛም ከሆነ ጄሉ። ፍርፋሪ ያለበት ስክራብ ከብሩሽ ጋር በፍጹም። የሸክላ አፈር ያለበትም ለሲሊኮን ብሩሽ አይሆንም፤ ጥርሶቹ መሐል ይደርቃል፣ ገጽታውንም ያበላሸዋል።

የገላ ሳሙናም አይሆንም። የቆዳችን አሲድነት ፒኤች በሚባለው መለኪያ 5 አካባቢ ነው (ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲድነቱ ይቀንሳል)፤ የተለመደ ሳሙና 9 ወይም 10 ይደርሳል። ለእጅ ችግር የለውም፤ ፊት ላይ ከብሩሽ ጋር ሲሆን ግን አጥሩን በሁለት በኩል ማፍረስ ነው። (የልብስ ሳሙና ፊት ያጠራል የሚሉ እናቶች እንዳሉ አውቃለሁ። የእኔም አንዷ ናት። ክብር ይስጥልኝ፣ ግን አይሆንም።)

አሁን ወደ ሥራው

ከመጀመራችሁ በፊት ቀን ምረጡ። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የፎቶ ሳምንት አይሁን፤ ምስክሯ እኔ ነኝ። ጊዜው ማታ ይሁን፤ ጠዋት የሚታጠብ ቆሻሻ ፊታችን ላይ የለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁለት ሁለት ቀን፣ በመሐል ቢያንስ ሁለት ቀን አሳርፋችሁ። ምንም ካልተሰማችሁ ሦስት ቀን። እዚያ ላይ ቁሙ። ሳጥኑ ላይ «በቀን ሁለቴ» ቢል እንኳ እንዳትሰሙት። ፊታችሁ ደረቅ ወይም ቶሎ የሚቆጣ ከሆነ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃችኋል።

1. እጃችሁን ታጠቡ። ፀጉራችሁን ወደኋላ እሰሩ። ፀጉራችሁን ለጋ ቅቤ ተቀብታችሁ ከሆነ በዚያን ቀን ብሩሹን ተዉት። ቅቤው ቀልጦ ግንባር ላይ ይወርዳል፣ ብሩሹም ወስዶ ፊት ሙሉ ያዳርሰዋል። ቅቤ ከተቀባን በኋላ ግንባር ላይ የምትፈላዋ ብጉር አመጣጧ ከዚያ ነው።

2. ሜካፕ ካለ በእጅ ቀድማችሁ አንሱት። በተለይ ማስካራና ኩል። ብሩሹ የሜካፕ ማስለቀቂያ ሳይሆን ሁለተኛ እጥበት ነው። ይህን ከዘለላችሁ ኩሉን ፊታችሁ ላይ ትቀቡታላችሁ፣ የብሩሹም ፀጉር ይጠቁራል።

3. ውኃው ለብ ያለ ይሁን። የሕፃን ገላ ውኃ እንደሚለካው በእጃችሁ አንጓ ለኩት፦ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ልክ ነው። በኅዳር ብርድ ሙቅ ውኃ ያምረናል፤ ሙቅ ውኃ ግን የቆዳን የተፈጥሮ ወዝ ይዞት ይሄዳል።

4. ፊታችሁን አርጥቡ፣ ብሩሹንም አርጥቡ። የባቄላ ፍሬ ያህል ፌስ ዋሽ በእጃችሁ ፊታችሁ ላይ አዳርሱ። ብሩሹ ላይ ብታደርጉት መጀመሪያ ያሳረፋችሁበት ጉንጭ ሁሉንም ይወስደዋል፣ ሌላው ቦታ በደረቁ ይታሻል።

5. ብሩሹን ፊታችሁ ላይ አሳርፋችሁ ከዚያ አብሩት። አስቀድማችሁ ካበራችሁት አረፋው መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ፍጥነቱ ትንሹ ላይ ይሁን።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው።

አያያዙ እንደ እስክሪብቶ ነው። በአውራ ጣት፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ብቻ። በመዳፍ ሙሉ ጨብጣችሁ ከያዛችሁት ትጫናላችሁ፤ እጅ እንደዚያ ነው። የብሩሹ ክብደት ራሱ ፊታችሁ ላይ ይረፍ፣ እናንተ መንገዱን ብቻ አሳዩት። የፀጉሮቹን ጫፍ በመስታወት እዩ። ቀጥ ብለው ከቆሙ ልክ ናችሁ። ከተጣጠፉ ተጭናችኋል። ሌላው ምልክት ድምፁ ነው። ሞተሩ ብቻውን ሲሆን እንደ ንብ ቀጠን ያለ ድምፅ አለው። ስትጫኑት ድምፁ ይወፍራል፣ ያቃስታል። ሲያቃስት እጃችሁን አንሱ። እኔ ያኔ ለአንድ ሳምንት ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ፤ ኃይለኛ ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

እጃችሁ ትንንሽ ክብ እየሠራ በዝግታ ይሂድ። ብሩሹ በራሱ ስለሚንቀጠቀጥ ፈጥናችሁ ማሸት አያስፈልግም። ግንባር ላይ 20 ሰከንድ፣ አፍንጫና አገጭ ላይ 20 ሰከንድ፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ላይ 10 ሰከንድ። ድምሩ አንድ ደቂቃ ነው። ጉንጭ ለምን አነሰ ካላችሁ፣ ወዝ የሚያመነጩት ዕጢዎች በብዛት ያሉት ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ላይ ነው። ጉንጭ ደረቅ ነው፤ ቶሎ የሚጎዳውም እሱ ነው። ሰዓት ከሌላችሁ «አባታችን ሆይ»ን በዝግታ አንዴ ስትደግሙ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። የእኔ አያት እንቁላል የምትቀቅለው እንደዚህ እየለካች ነበር።

ዓይን ዙሪያ አትሂዱ። ከዓይን ጎድጓዳው አጥንት ውስጥ ያለው ሁሉ ክልክል ነው። ከንፈርም ላይ አይደለም። የፈነዳ ብጉር ካለ ዙሪያውን እለፉት።

6. አለቅልቁ። ከምትገምቱት በላይ። የፌስ ዋሽ ትራፊ የሚቀረው በፀጉር መነሻ፣ በመንጋጋ ሥርና በጆሮ አጠገብ ነው፤ በኋላ የሚያሳክከውም እሱ ነው። ውኃ ጠፍቶ ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ሁለት ጆግ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። አረፋ ፊታችሁ ላይ ይዛችሁ ውኃ ፍለጋ መዞር ደስ አይልም።

7. በንጹሕ ፎጣ መታ መታ አድርጋችሁ አድርቁት እንጂ አትጥረጉ። ፊታችሁ ትንሽ እንደራሰ ሞይስቸራይዘር (እርጥበት የሚይዝ ቅባት) ተቀቡ። ከደረቀ በኋላ ከሆነ ግማሽ ጥቅሙ ቀርቷል። አየሩ ደረቅ በሆነበት በበጋ ከላይ ስስ ቫዝሊን ብታደርጉ፣ ፊታችሁ ደረቅ ከሆነ፣ ትወዱታላችሁ።

8. በዚያ ማታ ሌላ ነገር አትጨምሩ። የሬቲኖል ቅባት የለም፣ የሞተ ቆዳ የሚያራግፍ አሲድ የለም፣ የቫይታሚን ሲ ቅባት የለም። ሎሚማ በጭራሽ። ሎሚ ፊት ላይ ቀብቶ ፀሐይ የመታው ሰው ቆዳው ይቃጠላል፣ ቃጠሎው ሲድን ደግሞ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በተፈተገ ቆዳ ላይ ሲሆን አስቡት።

በማግሥቱ ጠዋት ፊታችሁን በውኃ ብቻ አለቅልቁና ኤስፒኤፍ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን ተቀቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐይዋ የዋህ ትመስላለች እንጂ አይደለችም። ብሩሽ ተጠቅሞ ሰንስክሪን የሚተው ሰው ጥቁር ነጥብ በገንዘቡ እየገዛ ነው።

ለወንዶች

ብሩሹ የሴት ዕቃ አይደለም። ጢማችሁን የምትላጩ ከሆነ ከመላጨታችሁ በፊት ተጠቀሙ፤ ፀጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ወዙንም ያነሳል። ከተላጫችሁ በኋላ በዚያው ቀን ግን አይሆንም፤ ምላጩ ራሱ የላይኛውን ቆዳ አንስቶታል። ጢም ወደ ውስጥ እያደገ አንገታችሁ ላይ እብጠት የሚያወጣባችሁ ከሆነ እብጠቱ ላይ አትሹ።

ፊታችሁ ምን እያለ ነው?

በየሁለት ቀኑ መስታወት ፊት ቁሙ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ሜካፕ። ቅባት ስትቀቡ ያቃጥላል? ከታጠባችሁ ግማሽ ሰዓት በኋላም ቆዳችሁ ተወጥሯል? እንደ ላስቲክ ያብረቀርቃል? ብርሃን ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል? አንዱም ቢኖር ብሩሹን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡት። በነዚያ ሳምንታት ገር ፌስ ዋሽ በእጅ፣ ሞይስቸራይዘር፣ ሰንስክሪን። ሌላ ምንም። ቁስል ወይም የሚያሳክክ ሽፍታ ካለ የቆዳ ሐኪም ይየው።

እኔን ያታለለኝ ማብራቱ ነው። ላዩ የተላጠ ቆዳም ያበራል። ጤነኛ ፊት ሲያበራ ሲነካ ለስላሳ ነው፣ አይወጠርም፣ ውኃ ሲነካው አይለበልብም። ይህን ያኔ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር በሠርጉ ፎቶ ላይ ፊቴን ወደ ጎን አዙሬ አልቆምም ነበር።

«መጀመሪያ ብጉር ያወጣል፣ ቆሻሻው እየወጣ ነው፣ ታገሡ» የሚሏችሁም ይኖራሉ። በአንዳንድ መድኃኒቶች እንዲህ ያለ ነገር አለ፤ ብሩሽ ግን መድኃኒት አይደለም። ብሩሽ ከጀመራችሁ በኋላ አዲስ ብጉር ከበዛ ወይ እየተጫናችሁ ነው፣ ወይ ብሩሹ ቆሽሿል፣ ወይ አልተስማማችሁም። የሚታገሡት ነገር የለም።

የብሩሹ ንጽሕና

ፊት የሚያጸዳ ነገር ራሱ ሲቆሽሽ ከማየት የባሰ የለም። ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው በሚፈስ ውኃ እጠቡት፣ ፀጉሩን በጣታችሁ እየከፈታችሁ። አራግፉት። ከዚያ ጭንቅላቱን ወደ ታች አድርጋችሁ አየር የሚያገኝበት ቦታ አቁሙት ወይም ስቀሉት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ክዳኑን ደፍታችሁ፣ እርጥብ እንደሆነ ከተዋችሁት በሁለት ሳምንት ሥሩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታያላችሁ። ሻጋታ ነው። ያን ጊዜ መጣል ነው እንጂ ማጠብ የለም።

በሳምንት አንዴ ጭንቅላቱን ነቅላችሁ በፈሳሽ ሳሙናና ለብ ባለ ውኃ እጠቡ። ጭንቅላቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ውስጥ አንድ ቡናማ ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ቁርሴን ተውኩ። በጥጥ ጥረጉት። በረኪና አይነካውም፣ አልኮልም ሲሊኮኑን ይጎዳል፣ በፈላ ውኃም አትቀቅሉት። የፀጉሩ ጭንቅላት በየሦስት ወሩ ይቀየራል፤ ፀጉሩ ከተንሻፈፈ ከዚያም በፊት።

ቻርጅ ስታደርጉ ቀዳዳው ደረቅ ይሁን። ተሰክቶ እያለ ፊታችሁ ላይ አታብሩት። መብራት ከጠፋና ባትሪው ካለቀ የሲሊኮኑ ሳይበራም በእጅ ያገለግላል።

የጋራ ብሩሽ ደግሞ የለም። እኛ ቤት ፎጣ ይጋራል፣ ማበጠሪያ ይጋራል፣ ጫማ ሳይቀር ይጋራል። ብሩሽ ግን እንደ ጥርስ ብሩሽ ነው። ታናሽ እህቴ የእኔን እንዳትነካ የራሷን ገዛችላት፣ ያቺው አክስቴ። የእሷ ባለፀጉሩ ነው፤ ፊቷ ከእኔ የባሰ ወዛም ስለሆነ ይስማማታል። ጭንቅላቱን መቼ እንደቀየረች ስለምትረሳ ፕላስተር ቆርጬ እጀታው ላይ ለጥፌ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። አሁን «ጥቅምት 12» ይላል። የሚቀየረው ጥር 12 ነው፤ ቃና ዘገሊላ ስለሆነ እሷም አትረሳውም።